የወንጀል ሕግና ሥነ ሥርዓት አጠናን፦ ጅማ ላይ ቀን እየሠሩ ማታ ለሚማሩ

«አንቀጹን በቃሌ ይዤ ገብቼ እንዴት ወደቅሁ?»

ይህን ያልጠየቀኝ የማታ ተማሪ የለም ማለት እችላለሁ። አንዱ ደውሎ ይጠይቀኛል፣ ሌላው ኮቺ ጋ መንገድ ላይ አስቁሞኝ። መልሱ ቆመው የሚጨርሱት ስላልሆነ ሁሌም ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ይህ መመሪያ ሕግ ለሚማሩ፣ ወይም በሌላ የትምህርት ክፍል ሆነው የወንጀል ሕግና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ኮርስ ለሚወስዱ ነው። ፖሊስ ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ሱቅ ውስጥ ቀን ውላችሁ ማታ ክፍል የምትገቡትን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት።

ጅማ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለብን። የምንማረውም የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። የፌዴራል ሕግ ደግሞ አማርኛውና እንግሊዝኛው ካልተስማሙ የሚጸናው አማርኛው ነው። አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን የተወ ተማሪ የሆነ ቦታ ላይ መያዙ አይቀርም። ከታች ያለው አጠናን ሦስቱንም አብሮ ያስኬዳል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996)፣ አማርኛና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የታተመው። የፎቶ ኮፒ ቤት ኮፒ ከሆነ ገጽ እንዳልጎደለው አንድ በአንድ ቁጠሩ።
- የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ
- ሕገ መንግሥቱ። ከአንቀጽ 17 እስከ 23 ያለው ቶሎ ቶሎ ስለሚያስፈልግ ገጹ ላይ ምልክት አድርጉ።
- የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ውሳኔዎች ቅጾች (ሰበር የመጨረሻ ፍርዶች ላይ ያለ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርም ችሎት ነው)፣ ስልክ ላይ ብታወርዷቸው ይበቃል
- ባለ ብዙ ገጽ ደብተር አንድ፣ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ
- መብራት ሲጠፋ የሚሆን የእጅ ባትሪ ወይም የተሞላ ፓወር ባንክ
- ለዝናቡ ወፍራም ፌስታል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። አንድ ሴሚስተር ሙሉ የጻፍኩት ማስታወሻ ከባጃጅ እስክወርድ ረጥቦ ቀርቶብኛል።

ደረጃ 1፦ ከመመዝገባችሁ በፊት ፈቃዱን አረጋግጡ

ኮሌጁ «ፈቃድ አለን» ቢላችሁ አይበቃም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ አይደለም። የትምህርት ክፍሉ፣ ካምፓሱና የትምህርቱ ዓይነት (መደበኛ፣ ማታ፣ ርቀት) ለየብቻ ይታያሉ። አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደ ትምህርት ጅማ ቅርንጫፍ ላይ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የእውቅናውን ደብዳቤ ጠይቃችሁ ሦስቱንም በዓይናችሁ እዩ።

ሌላም አለ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በደረጃ የሚሰጠው ሥልጠና ዲግሪ አይደለም። የሁለቱ ምዘናም የተለያየ ነው። የደረጃ ሠልጣኝ የብቃት ምዘና ይወስዳል፣ የዲግሪ ተማሪ ደግሞ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። የመውጫ ፈተናው ማለፊያ 50 ከመቶ ነው። ሳያልፉ ዲግሪ ስለማይሰጥ፣ ማስታወሻችሁን ሴሚስተሩ ሲያልቅ አትጣሉ። ከዓመታት በኋላ ትመለሱበታላችሁ።

ደረጃ 2፦ የሕጉን ካርታ ያዙ

የወንጀል ሕጉ 865 አንቀጽ አለው። ይህን ሁሉ ማንም በቃሉ አይዝም፣ አይጠበቅባችሁምም። የሚጠበቅባችሁ የቱ የት እንዳለ ማወቅ ነው።

ከ1 እስከ 237 ጠቅላላው ክፍል ነው። ወንጀል ምንድን ነው፣ ሙከራ፣ ተካፋይነት፣ ኃላፊነት፣ የቅጣት አወሳሰን የመሳሰለው እዚህ ይገኛል። ከ238 እስከ 733 ልዩ ክፍሉ ነው፤ እያንዳንዱ ወንጀል ከነቅጣቱ ተዘርዝሯል። ከ734 በኋላ ያለው የደንብ መተላለፍ ነው።

በአንድ ገጽ ላይ ይህን በእጃችሁ ሣሉት። ለምን? ጥያቄ ሲመጣ ሁለቱንም ክፍል መንካት ስላለባችሁ ነው። ልዩ ክፍሉ «ስርቆት ነው» ይላችኋል። ሰውየው ጨርሷል ወይስ ሞክሯል፣ ዋና አድራጊ ነው ወይስ አባሪ የሚለውን ግን የምታገኙት ጠቅላላው ክፍል ውስጥ ነው (ሙከራ 27፣ ዋና ወንጀል አድራጊ 32፣ አባሪ 37)። ግማሽ ነጥብ የሚቀርባቸው አንዱን ክፍል ብቻ ጽፈው የሚወጡት ናቸው።

ደረጃ 3፦ አንቀጹን በትኑት

ጊዜያችሁን አብዛኛውን እዚህ ላይ አውሉት። እኔም የመጀመሪያው ሚድ ላይ የወደቅሁት ይህን ባለማወቄ ነው። አንቀጾቹን እንደ መዝሙር ሸምድጄ ገባሁ። ፈተናው ግን «አንቀጽ 665 ምን ይላል?» ብሎ አልጠየቀኝም። ታሪክ ነገረኝና «ምን ወንጀል ተፈጸመ?» አለኝ።

አንቀጽ 23 ላይ ጀምሩ። ወንጀል የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ አንድ ላይ ሲሟሉ ነው። እነዚህ ሦስት ቃላት ሦስቱ ቀለማችሁ ናቸው፦

ሀ) ሕጋዊው (ሰማያዊ)። ድርጊቱን የሚከለክል አንቀጽ አለ? ከሌለ ወንጀል የለም። አንቀጽ 2 ይህን ያስራል።

ለ) ግዙፋዊው (ጥቁር)። ሰውየው ምን አደረገ፣ ወይም ማድረግ ሲገባው ምን ሳያደርግ ቀረ? ውጤቱስ የመጣው በእሱ ድርጊት ነው? እዚህ አንቀጽ 24ን ጨምሩ።

ሐ) ሞራላዊው (ቀይ)። አስቦ ነው (58) ወይስ በቸልተኝነት (59)?

ቀዩን በተለይ አትለፉት። ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲናገር ብቻ ነው። ሰው በቸልተኝነት ቢገደል 543 አለ። በቸልተኝነት የተፈጸመ ስርቆት የሚባል ግን የለም። የራሱ መስሎት የጓደኛውን ቦርሳ ከፈተና አዳራሽ ይዞ የወጣ ልጅ ሌባ የማይባለው ለዚህ ነው።

አሁን 665ን እንበትን። ስርቆት እንዲሆን፦ አንድ፣ ነገሩ ተንቀሳቃሽ ነው፣ ወይም ከማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ተነቅሎ የተወሰደ ነው። ሁለት፣ የሌላ ሰው ነው። ሦስት፣ ተወስዷል። አራት፣ የወሰደው ሰው ሐሳብ ያለአግባብ ራሱን ወይም ሌላን ሰው ለማበልጸግ ነው።

የመጀመሪያውን ነጥብ የጅማ ልጅ በቀላሉ ይገባዋል። ቡናው መሬት ላይ በቆመ ዛፍ ላይ ነው ያለው፣ ዛፉ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነገር አካል ነው። ሰው አጥር ዘሎ ቀዩን እሸት ለቅሞ ቢሄድ «ዛፍ አይሰረቅም» ብሎ አያመልጥም። «ተነቅሎ» የሚለው ቃል የተጻፈው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በየአንቀጹ እንዲህ አድርጉ፤ አንድ አንቀጽ በአንድ ገጽ። ከቀኝ በኩል ባዶ ቦታ ተዉ፣ ለሦስቱ ቋንቋ ቃላት ይሆናችኋል።

ደረጃ 4፦ የሦስት ቋንቋ ቃላት ዝርዝር ሥሩ

አማርኛውን ጻፉ፣ ከጎኑ ክፍል ውስጥ የምትሰሙትን እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ችሎት ላይ የምትሰሙትን። እኔ ስጀምር የነበረኝ ይህን ያህል ነው፦

- ክስ፣ ቻርጅ፣ ሂመና
- ተከሳሽ፣ አኪዩዝድ፣ ሂመተማ
- ዐቃቤ ሕግ፣ ፐብሊክ ፕሮሴኪዩተር፣ አባ አላንጋ
- ዋስትና፣ ቤይል፣ ወቢ
- ማስረጃ፣ ኤቪደንስ፣ ረጋ
- ቀጠሮ፣ አድጆርንመንት፣ ቤለማ
- መዝገብ፣ ፋይል፣ ገልሜ

«ረጋ» ላይ ተጠንቀቁ። ለማስረጃም ለምስክርም ሲባል ትሰማላችሁ፣ ስለዚህ ከዓረፍተ ነገሩ ነው የምትለዩት። አፋን ኦሮሞ የማይከብዳችሁ ልጆች ደግሞ ሥራችሁ ተቃራኒው ነው። ችሎቱን ትረዳላችሁ፣ ፈተና ላይ ግን እንግሊዝኛው ቃል ይጠፋባችኋል። በየሳምንቱ አሥር ቃል ብትጨምሩ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የራሳችሁ መዝገበ ቃላት ይኖራችኋል።

ደረጃ 5፦ አንድ ታሪክ ወስዳችሁ አንድ አንድ ነገር እየቀየራችሁ ሥሩ

ወንጀሎቹ እርስ በርስ የሚምታቱት ለየብቻ ስለምናጠናቸው ነው። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ታሪኩ ይህ ነው፦ የአንድ ነጋዴ አምስት ጆንያ ቡና ጠፋ።

1. ጫኝ ማታ መጋዘን ገብቶ አወጣው። ስርቆት ነው (665)። ሰብሮ ከገባ ወይም በቡድን ከሆነ ከባድ ስርቆትን (669) አንብቡ።
2. ነጋዴው ራሱ ለሾፌሩ «አዲስ አበባ አድርስልኝ» ብሎ አስረከበው፤ ሾፌሩ መንገድ ላይ ሸጠው። ቡናው በአደራ እጁ ገብቷል። እምነት ማጉደል ነው (675)።
3. ገዢ መጥቶ «ብሩን አስገብቻለሁ» ብሎ የውሸት የባንክ መልእክት ስልኩ ላይ አሳየ። ነጋዴው አምኖ ጫነለት። አታላይነት ነው (692)።
4. ሁለት ሰዎች ጠባቂውን ደብድበው ወሰዱት። ውንብድና ነው (670)። ከባዱ ደግሞ 671 ላይ አለ።

አራቱም ላይ ነጋዴው ያጣው ቡና አንድ ነው። ልዩነቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ ንብረቱ እንዴት እጁ ገባ? ሳያውቁበት ተወስዶ? በአደራ? ተታለው ራሳቸው ሰጥተውት? በኃይል? ይህን ጥያቄ ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት። የንብረት ወንጀል ላይ ተማሪ የሚሳሳተው «ማን ወሰደ» ላይ ቆሞ «እንዴት እጁ ገባ» የሚለውን ስለማይጠይቅ ነው።

ሰው መግደልንም በዚሁ መንገድ ሥሩት። 538 መሠረቱን ይጥላል፣ 539 ከባዱ፣ 540 ተራው፣ 541 ቀላሉ፣ 543 በቸልተኝነት። አንድ ጠብ ፍጠሩ፣ ከዚያ ሐሳቡን፣ መሣሪያውን፣ የተቀሰቀሰበትን ምክንያት እየቀያየራችሁ ከየትኛው አንቀጽ ወደየትኛው እንደሚዛወር ተከታተሉ። ከጓደኛ ጋር ቡና እየጠጣችሁ ብትሠሩት ይሻላል። አንዱ ዐቃቤ ሕግ፣ አንዱ ተከላካይ ጠበቃ ይሁን።

ደረጃ 6፦ ሥነ ሥርዓቱን መስመር አስምራችሁ አጥኑ

የሥነ ሥርዓት ሕግ ጉዞ ነው። በአንቀጽ ቁጥር አታጥኑት። በረጅሙ አንድ መስመር አስምሩና ጣቢያዎቹን አስቀምጡ፦

ክስ አቤቱታ ወይም ጥቆማ → የፖሊስ ምርመራ → መያዝ → በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት መቅረብ → ዋስትና ወይም ጊዜ ቀጠሮ → የምርመራ መዝገብ ወደ ዐቃቤ ሕግ → ክስ → የክስ መቃወሚያ → የእምነት ክህደት ቃል → የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ → ብይን → የመከላከያ ማስረጃ → ፍርድ → ቅጣት → ይግባኝ።

በየጣቢያው ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን ይሠራል፣ በስንት ጊዜ፣ ካልሠራስ ምን ይከተላል?

48 ሰዓቱን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙው የሚረሳው፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በተገቢው ግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ እንደማይቆጠር ነው (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3)። ዴዶ ገጠር ውስጥ የተያዘ ሰውና ፈረንጅ አራዳ የተያዘ ሰው ስሌታቸው አንድ ላይሆን ይችላል። ፈተና ላይ የሩቅ ቀበሌ ስም ከተጠቀሰ በምክንያት ነው።

ጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ምርመራውን እንዲጨርስ ተብሎ የተያዘው ሰው በእስር የሚቆይበት ጊዜ) በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። «በአጠቃላይ 14 ቀን» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ስህተት ነው፣ ገደቡ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ነው። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ የምርመራ መዝገቡ ከደረሰው በኋላ ክስ ለመመሥረት 15 ቀን አለው (109)። ልዩ አዋጆች የራሳቸው ጊዜ ሊያስቀምጡ ስለሚችሉ የጥያቄው ወንጀል የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ እዩ።

ብይን እና ፍርድንም ለዩ። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ሲያልቅ፣ ተከሳሹን የሚያስቀጣ ነገር ካልታየ ፍርድ ቤቱ በ141 በነፃ ያሰናብታል። ከታየ በ142 «ተከላከል» ይላል። «ተከላከል» ማለት «ጥፋተኛ ነህ» ማለት አይደለም። ይህን የምትለዩበት ምርጡ ቦታ ችሎት ነው።

ደረጃ 7፦ ችሎት ገብታችሁ ተቀመጡ

የወንጀል ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። ተማሪ ነኝ ብላችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሬጅስትራር ጋ የትኛው ችሎት ወንጀል እንደሚያይ ጠይቁ። በመጀመሪያው ቀን ቀለል ያለ ጉዳይ የሚታይበት ወረዳ ፍርድ ቤት ይሻላል፣ በአንድ ጠዋት ብዙ መዝገብ ይጠራል። ሰው መግደልን የመሳሰለው ከባድ ጉዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፣ ረጅምና ዝግ ያለ ነው።

ስልክ አጥፉ። ዳኛ ሲገባ ተነሡ። አትቅረጹ፣ ፎቶ አታንሡ። የወጣት ጥፋተኞች ጉዳይና አንዳንድ ጉዳዮች በዝግ ስለሚታዩ «ውጡ» ስትባሉ ሳትከራከሩ ውጡ። ክረምት ላይ ፍርድ ቤቶች እረፍት ስለሚወጡ ይህን ደረጃ ለነሐሴና ለመስከረም አታስቀምጡት።

ደብተራችሁ ላይ መጻፍ ያለባችሁ መዝገቡ ከመስመራችሁ የትኛው ጣቢያ ላይ እንዳለ ነው። የሰዎቹን ስም አትጻፉ። እዚያ የተቀመጠው ሰው የእናንተ ማስታወሻ ሳይሆን የሰው ልጅ፣ የሰው አባት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮሪደር ላይ የተከሳሽ ቤተሰብ «ልጄ፣ አንተ ሕግ ትማራለህ፣ ምን ላድርግ?» ማለቱ አይቀርም። እናት ስትጠይቅ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን የጥብቅና ፈቃድ የላችሁም፣ የተሳሳተ ምክር ደግሞ የይግባኝ ጊዜ ሊያሳልፍባቸው ይችላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ ወደዚያ ምሯቸው፣ ከተቻለም አብራችሁ ሄዳችሁ አሳዩአቸው።

ደረጃ 8፦ በሳምንት አንድ የሰበር ውሳኔ

የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ያስገድዳል፣ የክልሎቹንም ጭምር። አንቀጹን አንብባችሁ የገባችሁና ሰበር የተረጎመበት መንገድ የሚለያይበት ጊዜ አለ። ያኔ የሚሠራው የሰበሩ ነው።

ቅጹን ከመጀመሪያ ገጽ አታንብቡ፣ ፍትሐ ብሔሩም ሠራተኛና አሠሪውም አብሮ አለበት። ማውጫው ላይ ወንጀልን ፈልጉ። አንዱን መርጣችሁ አራት መስመር ጻፉ፦ ምን ተፈጠረ፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ምን አሉ፣ ጭብጡ ምን ነበር፣ ሰበር ምን ብሎ ተረጎመ። አራት መስመር ካልበቃችሁ ጭብጡን አልያዛችሁትም ማለት ነው፣ እንደገና አንብቡ። ሰበር የራሱን ትርጉም ሊለውጥ ስለሚችል በዚያው አንቀጽ ላይ ከዚያ በኋላ የተሰጠ ውሳኔ ካለ አዲሱን ያዙ።

ደረጃ 9፦ የፈተና ወረቀት ላይ

ታሪኩን ሁለቴ አንብቡ። በሁለተኛው ላይ ዕድሜ፣ ሰዓት፣ ቦታና «አስቦ፣ ሳያስብ» የሚል ፍንጭ ስር አስምሩ። ዕድሜ ለጌጥ አይጻፍም። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም (52)። ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ ለወጣቶች የተለየ እርምጃ አለው (53)።

ከዚያ ጭብጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ አንቀጹን ጥቀሱ፣ ፍሬ ነገሮቹን አንድ በአንድ ከታሪኩ ጋር አገናኙ፣ መጨረሻ ላይ ድምዳሜ። መምህሩ አብዛኛውን ነጥብ የሚሰጠው ማገናኘቱ ላይ ነው። ድምዳሜያችሁ ተሳስቶ እንኳ ማገናኘታችሁ ከተስተካከለ ነጥብ ታገኛላችሁ። ትክክለኛ ድምዳሜ ያለ ምክንያት የጻፈ ግን ገምቶ ያገኘው ይመስላል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- *ከሲኒየር የተገኘ ሃንድአውት ብቻ ማጥናት።* ብዙው ሃንድአውት በቅጂ በቅጂ የመጣ ነው፣ የአንቀጽ ቁጥር ይሳሳታል። አንዳንዱ እንዲያውም የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቁጥር ይዞ ይገኛል። ሃንድአውት ላይ ያያችሁትን ቁጥር ሁሉ ከሕጉ ጋር አመሳክሩ።
- *እንግሊዝኛውን ብቻ ማንበብ።* ቃሉ አሻሚ ሲሆንባችሁ አማርኛውን ክፈቱ። ብዙ ጊዜ እዚያው ይፈታል።
- *ቅጣቱን መሸምደድ።* «ከስንት እስከ ስንት ዓመት» ከፍሬ ነገሩ በኋላ ነው የሚመጣው። ወንጀሉን ካልለያችሁ የዓመቱ ቁጥር አይጠቅማችሁም።
- *ሁሉን ነገር «አስቦ» ማለት።* ሰው ሞቷል ማለት ገዳዩ መግደል ፈልጎ ነበር ማለት አይደለም። 58 እና 59ን ሳትከፍቱ አትወስኑ።
- *ቅዳሜን ጠብቆ ማጥናት።* ከሥራ ደክማችሁ ብትገቡም በየማታው አንድ አንቀጽ በትኑ። አርባ ደቂቃ ይበቃል። ቅዳሜ አሥር አንቀጽ አንድ ላይ ሲቆለል ስርቆትና እምነት ማጉደል መልሰው ይቀላቀላሉ።

ዛሬ ማታ የምትጀምሩ ከሆነ አንቀጽ 23ን ክፈቱ፣ ሦስቱን ቀለም አውጡ፣ ከዚያ 665ን በራሳችሁ በትኑት። የቡናውን ታሪክ ነገ ከጓደኛችሁ ጋር ሥሩት።